ያሳጠርኩት እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ ሳልነግረው ሞተ። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ሁሉ፣ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት መኳረፌን ስዘረዝር ኖሬ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ስንት ጊዜ ጀምሬ ወደ ሌላ ነገር አዞርኩት! ትንሽ ነገር ናት እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ትንሽ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ትከተለኝ ነበር?

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ቃልም ላሳስት እችላለሁ። ግን በአፌ ያቃተኝን በእጄ ልሞክረው ብዬ ከልጅ ልጄ ደብተር ለምኜ ተቀመጥኩ። የምታነቡት እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ባላውቃችሁ ይሻለኛል። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ልጄ ኤፍሬም ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት እንዳይገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ነው። ያስቀረሁት ደግሞ በግልጽ አልነበረም። ተንኮል ሠርቼ ነው። እጁ አጭር እንደሆነ ልጁን አሳመንኩት። እኔ፣ እናቱ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። ዛሬ ፎቅ የሞላበት ቦታ ያኔ ጭቃ ቤትና የጎመን ጓሮ ነው፤ ወደ ቡልቡላ ወንዝ ሲወርዱ ደግሞ የጤፍ ማሳ ነው። አውሮፕላን ሲነሣ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አሰብ ወደብ ወርዶ ጭነት ያመጣል። አንዴ ከሄደ ወር፣ ሲብስም ሁለት ወር ይቆያል። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የኤፍሬም ነበር።

ከኤፍሬም በፊት ሌላ ልጅ ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ወሰደብኝ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስንት እናት ልጅ ቀብራ የተረፈውን በጊዜው ትምህርት ቤት ልካለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ሰው መተንፈስ አልቻልኩም። ኤፍሬም እንቅልፍ ሲወስደው ጣቴን ከአፍንጫው ሥር አድርጌ ትንፋሹን አያለሁ። ሲያስነጥስ ያለሁበት ደርቄ እቀራለሁ። ያልፈላ ውሃ አጠጥቼው አላውቅም። የሰፈር ሴቶች «አስካለ ልጇን እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የወለድነው ቤታችን ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ለአንደኛ ክፍል መድረሱ የሚታወቀው በእጁ ነበር። መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን ንካ ይባላል። ከነካ ደርሷል፣ ይመዘገባል። ካልነካ ለከርሞ። ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይሥቃሉ። ያኔ ግን ሕግ ነበር፤ የደረሱ ልጆች ክረምቱን ሙሉ በየደጁ ጆሯቸውን ሲነኩ ይውላሉ።

ኤፍሬም የነካው በሰኔ ነው። ከሳባ ጋር ሲጫወት ነበር። ሳባ ግድግዳ የምንጋራው የጎረቤቴ የእትዬ ለተብርሃን ልጅ ናት። እኔና ለተብርሃን የወለድነው በአንድ ሳምንት ነው፤ አራስ ጠያቂው ከአንዳችን ቤት ወጥቶ ወደ ሌላችን ይገባ ነበር። እኔ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ኤፍሬም ጣቱን ጆሮው ላይ እንዳደረገ እየሮጠ ገባ።

«እማዬ፣ ደረሰ! ደረሰ እኮ! እዪው!»

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አልኩት። ምስሩን መልቀሜን ግን ተውኩት።

ለምን? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁ። ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ የባለሥልጣን መኪና እየበረረ የሚያልፍበትን መንገድ ሊሻገር ነው። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሰልፍ ይወጣል፤ መፈክር ያሰማል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚያ ዘመን ስም መጻፉ ራሱ ያስፈራኝ ነበር፤ የተጻፈ ስም አንድ ቀን ይጠራል እላለሁ። ይህ ሁሉ ፍርሃት ነበረብኝ፣ አልዋሸሁም። ግን በዚህ ፍርሃት ብቻ ተሸፍኜ ላልፍ አልፈልግም። ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ኤፍሬም የሌለበት ቤት ውስጥ መቆም አልፈለግሁም። አልጠገብኩትም። ይኸው ነው። የወለድኩትን ልጅ ሳልጠግበው ሊሄድብኝ ሆነ።

ባለቤቴ ከመሄዱ በፊት ያረጀ የካኪ የሥራ ኮቱን ሰጥቶኝ ነበር። «ቆርጠሽ ስፊለትና ለምዝገባ ይልበሰው፤ ደህና ልጅ መስሎ ይቅረብ» ብሎኛል። መርፌ ላይ እጄ ጥሩ ነው። ለሰፈር ሰው እቀይሳለሁ፣ እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአንዲት ሴት ጃኬት ላይ እጅጌውን ዝቅ አድርጌ ገጥሜ አበላሽቼባት ነበር። ለብሳው እጇን ብታነሣ አልነሣ አላት፤ ተሣሥቀን ፈታሁትና እንደገና ሰፋሁት። ያን ስሕተት አስታወስኩ። አስታውሼም ለልጄ ሆን ብዬ ደገምኩት።

ከብብቱ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ እጅጌውን ከጎኑ ጋር ገጠምኩት። እጅ ወደ ታች ሲሆን ምንም አይታወቅም፤ ያማረ ኮት ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ግን ስፌቱ ይይዘዋል። ኮቱ ራሱ አብሮ እንዳይነሣ ወገቡ ላይ ቀበቶ አደረግሁለት። ክሩን ድርብ አድርጌ ነው የሰፋሁት፣ እንዳይፈታ። ጥንቃቄዬን አያችሁ? እየሰፋሁ አንጎራጉር ነበር። ክፉ ሥራ የሚሠራ ሰው ፊቱ የሚጠቁር ይመስለኝ ነበር፤ የእኔ ግን አልጠቆረም።

ኤፍሬም ኮቱን ሲያይ በደስታ እግሩ መሬት አልነካም። ሳባ ቤት ሄዶ አሳየ፤ ከበር ላይ ላለፈው ሁሉ «የአባቴ ኮት ነበር፤ አሁን የእኔ ነው» እያለ ነገረ።

ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ያካፋል። «ኮትህን እንዳታወልቅ፣ ብርድ ይመታሃል» አልኩት። ይህንንም አስቤበት ነው። ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተሰለፍን። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ሳባ ገብታ ጆሮዋን ነካች፤ ተጻፈች። ከዚያ «ና እስቲ ኮት ለባሹ! ሚኒስትር መጣብን እኮ!» አለና ልጄን ጠራው።

ኤፍሬም እጁን አነሣ። አናቱ ላይ ደረሰና ቆመ። ገፋ አደረገው። አልሄደም። ፊቱ ቀላ፤ በእግሩ ጣት ቆመ፤ በመጨረሻ አንገቱን ወደ እጁ ሰበር አደረገ።

«አንገት ማዘንበል የለም!» አለ መምህሩ እየሣቀ። «እጅ ነው ወደ ጆሮ የሚሄደው። ጆሮ ወደ እጅ አይመጣም!»

ተሰልፈው የነበሩት ልጆች ሣቁ። አንዱ ከኋላ «እጀ አጭር!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

እትዬ ለተብርሃን አላስቻላትም። «ኧረ መምህር! ይሄ ልጅ ከእኔዋ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደው። እኔ ምስክር ነኝ። አስካለ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ምን ይዘጋሻል?»

መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። «እውነት ነው እናት? ስንት ዓመቱ ነው?»

ኤፍሬምም ዞሮ አየኝ። እጁ ገና አናቱ ላይ ነው። ሰባት ብል ምናልባት ይጽፈው ነበር። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል እየጠበቀ ያየኝ ዓይኑ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

«እንጃ» አልኩ። «ስድስት ሳይሆን አይቀርም።»

ለተብርሃን ሳባን ይዛ ዞር አለች። በኋላ መዝገቡን ፈርቼ እንደሆነ ገብቷት መሰለኝ፣ ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም። መምህሩ ግን ደግ ሰው ነበር፤ የኤፍሬምን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጎ «በል አይዞህ፣ ለከርሞ ነህ። ገንፎ በደንብ ብላ፣ እጅህ ያድጋል» አለው።

ስንመለስ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ግራ እጁን ሰጠኝ፤ ቀኙን ኪሱ ውስጥ ከተተው። አስፋልቱን ከተሻገርን በኋላ «እማዬ» አለኝ፤ «በሰኔ የነካሁት አንገቴን አዘንብዬ ነው፣ አይደል?»

እዚህ ላይ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ኮቱን መንገድ ላይ አውልቄ «በል አሁን ሞክር» ማለት፣ ይዤው ወደ መምህሩ መሮጥ እችል ነበር። በረንዳው ገና ይታያል።

«ይሆናል» አልኩት።

ቤት ገብቶ ኮቱን ሲያወልቅ ይሞክራል ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። አልሞከረም። ከዚያ ቀን በኋላ በራሱ ፈቃድ እጁን በአናቱ አሻግሮ ጆሮውን ነክቶ አያውቅም፤ ሲያሳክከው እንኳ በዚያው በኩል ባለው እጁ ነው የሚያከው። እኔ ነገሩን ስለማውቅ አያለሁ።

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ በእግሩ ይፈልገኛል። ቀዝቃዛ እግሩን ሆዴ ላይ ካደረገ በኋላ ነው ተመልሶ የሚተኛው። ሳባና እኩዮቹ በጭቃው ውስጥ እየዘለሉ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኛ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ ነን። የእግራቸውን ድምፅ ሲሰማ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። እኔ አቅፈዋለሁ። ያስቀረሁት እኔ፣ አቅፌ የማባብለውም እኔ።

ስኳር ሲመጣ የቀበሌ ሱቅ አብረን እንሄዳለን። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ኤፍሬም ለየድንጋዩ ስም ያወጣላቸዋል። ቀጭኗ እትዬ ለተብርሃን ናት፤ ድቡልቡሏ ሳባ ናት፤ ትልቁ «ጋሼ ሊቀመንበር» ነው። አንድ ቀን አህያ መጥታ ስትረግጥ «ኧረ ጋሼ ሊቀመንበርን ገለበጠችው!» ብሎ ጮኸ። አፉን በነጠላዬ አፈንኩት። ሴቶቹ ግን ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይሥቁ ነበር። አንዷ «ይህን ልጅሽን ቶሎ ትምህርት ቤት አስገቢው፣ ሳያስበላሽ» አለችኝ።

አውሮፕላን ሲያርፍ ደጅ ወጥተን እናያለን። «ሲወርድ ለምን ይጮሃል? ያመዋል እንዴ?» ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ለማጠብ ወደ ቡልቡላ ስንወርድ ሳፋውን አናቱ ላይ ደፍቶ ይሄዳል፤ ከሳፋው ሥር እየዘፈነ የራሱን ድምፅ ያዳምጣል። ሲደክመው አዝለዋለሁ። ሰባት ዓመት ያለፈውን ልጅ! እግሩ ጉልበቴን እየመታ፣ ልቤ እየደከመ፣ አንገቴ ሥር የሚተነፍሰው ትንፋሽ እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። እነዚህን ነገሮች እናት ሁሉ ታያለች፤ አይታም ታልፋለች፤ ሥራ አለባት። እኔ ግን የሰረቅኳቸው ስለነበሩ አንዷንም ሳላይ አላለፍኩም። ሌባ የሰረቀውን እያወጣ ደጋግሞ እንደሚያየው።

በኅዳር የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያው ላይ ወረወርነው፤ የተሻለ እንዲበቅልለት ለመነ። በዚያ ሽንቁር ሲሥቅ እኔም ሣቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እጅጌውን ሰፍቼ ያዝኩት፤ ጥርሱን ግን በምን ልያዘው? ልጁ በእጄ ላይ ሆኖ እያለ እየሄደብኝ ነበር።

ገንፎ አይወድም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ራሱ «ገንፎ አገንፊልኝ» ይለኝ ጀመር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው እየመጣ ይውጣል። «ተው ይበቃሃል» ስለው «ለእጄ ነው» ይለኛል። እኔ አገነፋሁለት። ማገንፈያውን ይዤ በየቀኑ ውሸቴን አማሰልኩ።

አንድ ጠዋት ደግሞ ከጓሮ ብቅ ስል ከኮክ ዛፋችን ቅርንጫፍ ላይ በቀኝ እጁ ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ጥርሱን ነክሷል። እግሩ አየር ላይ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«እጄን እያሳደግሁ ነው።»

«ውረድ፣ ትወድቃለህ!»

«ቆይ፣ ሃያ አልሞላሁም» አለኝ። ቁጥሩን ከሳባ ተምሮ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ታስቆጥረዋለች፣ ፊደልም ታስጠናዋለች። እኔ አራተኛ ክፍል የደረስኩ እናቱ አንድ ፊደል አላስቆጠርኩትም። ካወቀ ይሄዳል ብዬ።

አውርጄ አቀፍኩት። መዳፉ ተልጧል። ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። የወጣው ግን «በቅቤ ልሽልህ» የሚል ነበር። መዳፉን በቅቤ አሸሁለት፤ እሱም «ትንሽ ክንዴንም እሺው» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። ኮቱ ዋናው አይደለም። «ስድስት ሳይሆን አይቀርም» ማለቴም ዋናው አይደለም። ከዚህ የከፋ አለ።

አባቱ በታኅሣሥ ከአሰብ ተመለሰ። ቴምር ይዞ፣ አቧራ እንደለበሰ፣ ገና ከደጅ «ተማሪው የታለ? ተማሪዬ!» እያለ ገባ። ኤፍሬም ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀ። እኔ «እጁ አልደረሰም አሉት» አልኩ።

«አልደረሰም? ይሄ ቀጭኔ?» ብሎ ሣቀ ባለቤቴ። ቁጭ አለና ልጁን ከኋላዬ ስቦ አወጣው። «እስቲ እኔ ልየው። ንካ ጆሮህን።»

ኤፍሬም ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበሰው። ኮቱ የለም። እጁን ቢያነሣ ይነካል፤ እኔ አውቃለሁ፤ ገና በሰኔ ነክቷል። ቢነካ ባለቤቴ ይጠይቃል፤ ሞኝ ሰው አይደለም፤ ኮቱን አምጪው ይላል፤ ብብቱን ያያል። ግድግዳውን ያዝኩ።

ልጁ ቀኝ እጁን ወደ ጀርባው ወሰደው።

«አይደርስም» አለ።

«ሞክረው እንጂ አንበሳዬ፣ ምን ገዶህ።»

«አይደርስም አባዬ። አጭር ነው። ገና እያሳደግሁት ነው።»

አልሞከረም። አባቱ ለመነው፣ በቴምር አባበለው። እጁን ጀርባው ላይ እንደያዘ መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቴ ተወው፤ አናቱን ዳበሰና «እሺ፣ ለከርሞ እናያለን» አለው።

እኔ ምን ተሰማኝ? እዚህ ላይ አትዋሺ አስካለ። እፎይ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ልጄ በራሱ ተስፋ ስለቆረጠ አምላኬን አመሰገንኩ። ስለ ኮቱ ብትፈርዱብኝ ምናልባት ፍርሃቷ ነው ትሉ ይሆናል። ስለዚያች እፎይታዬ ግን ምን ትላላችሁ? ልጇ ሳይሞክር እጁን ሲሸሽግ አይታ ልቧ የሚያርፍ እናት ምን ትባላለች?

በማግስቱ ልብስ ሊያጥብ የወረደ ሰው መስዬ ኮቱን ቡልቡላ ወስጄ ስፌቱን ፈታሁት። ድርቡ ክር አልፈታ ብሎ በጥርሴ በጠስኩት። አስተካክዬም እንደገና ሰፋሁት። ማንም አላየም። ኤፍሬም ግን ከዚያ በኋላ ያን ኮት አልለበሰውም፤ «ጠቦኛል» አለኝ። አልጠበበውም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተሰለፍን። በሸሚዝ ነው የሄደው። ያው መምህር ነበር። ኤፍሬም ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ እጁን አነሣ። እጁ ጆሮውን አልፎ መንጋጭላው ጋ ደረሰ።

«ኧረ ይሄ አገጩን ሊነካ ነው! የት ከርመህ ነው አንተ?» አለ መምህሩ፤ በረንዳው በሙሉ ሣቀ።

ኤፍሬም ዓይኑን ገለጠና ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ሮጦ መጥቶ ወገቤን አቀፈኝ። «እማዬ፣ አደገ! ያንቺ ገንፎ ነው! ያንቺ ቅቤ ነው!» አለኝ። አመሰገነኝ። ልጄ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ፊደሉን ቶሎ ጨረሰ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ግን ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ መምህርቱ አስጠራችኝ። «ልጅዎ መልሱን ያውቃል፤ ስጠራው ይመልሳል። በራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ቤት ይገረፋል እንዴ?» አለችኝ። በሕይወቴ መትቼው አላውቅም። «አይ፣ ዓይን አፋር ነው» አልኳት። አደገ፤ እንደዚያው ሆኖ አደገ። ሥራ ሲይዝም ሹመት ሲወጣ ስሙን ያላስመዘገበ እሱ ነው። የሚገባውን ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም። ሰው ትሕትና ይለዋል። እኔ ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብደብቀው ውሸት ይሆናል። በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሰፈራችን ጎረምሶች ለውትድርና ሲታፈሱ የትምህርት ቤት ወረቀቱ ዕድሜውን በአንድ ዓመት ዝቅ አድርጎ ስለያዘው የቀበሌው ጸሐፊ አይቶ መለሰው። እኩዮቹ ሄዱ። ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። እትዬ ለተብርሃን ያን ቀን መጥታ ጆሮዬ ላይ «ያኔ ስድስት ያልሽው እግዜር አናግሮሽ ነው» አለችኝ። ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ ልለብሰው ሞክሬያለሁ። ልኬ አይደለም። እኔ ያኔ ያን አላወቅሁም፤ ልጄንም ከጦርነት አላዳንኩም። እግዚአብሔር ካዳነው ያዳነው እሱ ነው፤ የእኔን ሥራ አታጽዱልኝ።

ኤፍሬም አሁን ጎሮ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ለሥራ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፣ ማታ ተኝተው ያገኛቸዋል። ባለፈው እሑድ «እማዬ፣ እነዚህ ልጆች መቼ አደጉብኝ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ደብተሩን የለመንኩት።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ፣ ኤፍሬም፣ ይቅር በለኝ። ለሰፋሁት ስፌት ይቅር በለኝ። መምህሩ ሲጠይቀኝ ላላልኩት ቃል፣ በእንባ ለዋጥከው ገንፎ፣ ለተላጠው መዳፍህ ይቅር በለኝ። ከሁሉ በላይ፣ አባትህ ሞክር ሲልህ ስላልሞከርክ ደስ ስላለኝ ይቅር በለኝ። አንድም ቀን አጭር አልነበርክም።

ስለዚያ ዓመት ግን ይቅርታ ልጠይቅህ ብዬ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ባልነበረ ኖሮ ብዬ ልመኝ ሞከርኩ። የሚዘፍነው ድምፅህ ከሳፋው ሥር ይመጣል፤ ቀዝቃዛው እግርህ ሆዴ ላይ ይመጣል፤ አልቻልኩም። የአንተ የነበረውን ዓመት ወስጄ በላሁት፤ ጣፍጦኝ ነበር፤ አሁንም ይጣፍጠኛል። የምትቀየመኝ ከሆነ በዚህ ተቀየመኝ። አልከራከርህም።